ዕዳው በማን ስም ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ይኸውም በሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት የሚገባበት ዕዳ ዲግሪው ከሚያስገኘው ደመወዝ ጋር እንዴት ይመዘናል የሚለው ነው። ሦስቱም ከአሜሪካ የተላኩ በመሆናቸው በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ገንዘቡም በዶላር ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጃችን በመጪው በልግ ኮሌጅ ትገባለች። እኔ በአረጋውያን መጦሪያ በሲኤንኤነት (በነርስ ረዳትነት) እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። ከስቴታችን ውጭ ያለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ እንድታጠና ተቀብሏታል። የዓመቱ ወጪ ከመኝታና ከምግብ ጋር 61 ሺህ ነው። ትምህርት ቤቱ በላከልን ደብዳቤ ላይ «የገንዘብ እርዳታ» በሚል ርዕስ ሥር 38 ሺህ ስጦታ፣ 5,500 በልጅቷ ስም የመንግሥት ብድር፣ 16 ሺህ የወላጅ ብድር፣ 1,500 ደግሞ ግቢው ውስጥ ሠርታ የምታገኘው ገንዘብ ተዘርዝሮ፣ ከሥሩ «ቀሪ ክፍያ 0» ይላል። አንድ የሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ተቀብሏታል፤ ከቤት እየተመላለሰች ብትማር ከስጦታው በኋላ የምንከፍለው በዓመት 9 ሺህ ያህል ነው። ልጄ የመንግሥቱን ድረ ገጽ ተመልክታ «እማዬ፣ የዚያ የግል ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ተመራቂ 58 ሺህ ያገኛል፤ ዕዳው ደግሞ 24 ሺህ ብቻ ነው፤ ታዲያ ምን ያስፈራል?» ትለኛለች። ሐሳቧ በኋላ ሐኪም ለመሆን ነው። አባቷም «ለትምህርት የወጣ ገንዘብ አይቆጭም» ይላል። እኔ 51 ዓመቴ ነው። ገቢውና ዕዳው ይመጣጠናል ትላላችሁ?
የልጅ እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ልጅዎ ቁጥሩን በትክክል አንብባዋለች፤ ነገር ግን ያነበበችው የእርሷን ዕዳ ብቻ እንጂ የእርስዎን አይደለም። ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባለው የፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስቴር መረጃ በ2015 ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፣ ከ2019 ወዲህ በየትምህርት ዘርፉ ተከፋፍሎ ይታያል። በአንድ ዘርፍ ሥር የዕዳ መካከለኛ ብሎ የሚያሳየው፣ ትምህርታቸውን የጨረሱ ተማሪዎች በገዛ ስማቸው ከፌዴራል መንግሥት የተበደሩትን ነው። ፓረንት ፕላስ የሚባለው፣ ወላጅ በራሱ ስም የሚወስደው ብድር ለብቻው ስለሚቀመጥ በዚያ ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ ከባንክ የተወሰደ የግል ብድርም አይቆጠርም።

ከዚህ የተነሣ ቁጥሩ አንድ የሚያሳስት ጠባይ አለው። በወላጆቹ የሚተዳደር ተማሪ በስሙ ሊበደር የሚችለው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 7,500 ነው፤ በአራት ዓመት ተደምሮ ከ27 ሺህ አይበልጥም። ስለዚህ በዓመት 61 ሺህ የሚጠይቀውም ትምህርት ቤት፣ ሲሶውን የሚጠይቀውም ትምህርት ቤት፣ በስኮርካርዱ ላይ ዕዳቸው ሃያ ምናምን ሺህ ሆኖ ጎን ለጎን ሊታይ ይችላል። ጣሪያው ያው ስለሆነ ልዩነቱ የሚደበቀው ከጣሪያው በላይ ባለው ክፍል ነው፤ ያ ክፍል ደግሞ በእርስዎ ቤት 16 ሺህ በየዓመቱ ማለት ነው።

የተላከልዎትን ደብዳቤ እንደገና ይመልከቱት። «እርዳታ» ከተባለው ውስጥ በእውነት የሚሰጥዎት 38 ሺሁ ብቻ ነው። 1,500ው ልጅዎ በሰዓት ሠርታ በየሁለት ሳምንቱ የምትቀበለው ደመወዝ እንጂ ከትምህርት ቤቱ ሒሳብ ላይ አስቀድሞ የሚቀነስ ገንዘብ አይደለም። የቀረው 21,500 ብድር ነው፤ ብድርን ደግሞ እርዳታ ብሎ መጥራት ቋንቋን ማጣመም ይመስለኛል። ይህን የሚያደርገው ያ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ ኮንግረስ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ100 ኮሌጆች 91 ያህሉ ተማሪው በእርግጥ የሚከፍለውን የተጣራ ዋጋ በደብዳቤያቸው ላይ ጭራሽ አይገልጹም፣ ወይም አሳንሰው ይገልጻሉ ብሏል። «ቀሪ ክፍያ 0» የሚለው መስመር የዚሁ ልማድ ውጤት ነው።

አሁን የወላጁን ብድር እናስላ። የልጅቷ የብድር ጣሪያ በየዓመቱ በትንሹ ቢያድግም የትምህርት ቤቱ ዋጋ አብሮ ስለሚጨምር የእርስዎ ድርሻ በየዓመቱ 16 ሺህ አካባቢ ይቆያል ብለን እንነሣ። የአራት ዓመቱ 64 ሺህ ነው። መንግሥት ግን ከዚህ ብድር ላይ ገና ሲሰጥ ከ4 በመቶ ጥቂት የሚበልጥ የአገልግሎት ክፍያ ስለሚቆርጥ፣ 16 ሺህ እጅዎ እንዲገባ 16,700 ያህል መበደር አለብዎት። በ2025 በወጣው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ወላጅ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20 ሺህ፣ በጠቅላላው ከ65 ሺህ በላይ መበደር አይችልም። ልጅዎ በአራተኛው ዓመት ላይ ሳለች ጣሪያውን ትነኩታላችሁ፤ የጎደለውንም ከባንክ መፈለግ ይመጣል።

በ2025–26 የትምህርት ዘመን የፓረንት ፕላስ ወለድ 8.94 በመቶ ነው። ወለዱ በየዓመቱ ለአዲስ ብድር እንደገና ይወሰናል፤ ለስሌት ያህል ግን ይኸው ይሁን። በአዲሱ ሕግ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ የሚደርስ ዕዳ መደበኛ መክፈያ ጊዜው 20 ዓመት ነው። 65 ሺህ በዚህ ወለድ በ20 ዓመት ሲከፈል በወር 582 ገደማ፣ ተጠቃሎ ወደ 139,800 ይሆናል። ልጅዎ እስክትመረቅ ድረስ ክፍያው እንዲዘገይ ቢጠይቁ የሚጠራቀመው ወለድ በዚህ ላይ የሚታከል ነው። ዛሬ 51 ዓመትዎ ከሆነ የመጨረሻዋን ክፍያ የሚከፍሉት በ75 ዓመትዎ ገደማ ነው። ይህን ዕዳ በሕግ ወደ ልጅዎ ማዛወር አይቻልም፤ እርሷ «እኔ እከፍልልሻለሁ» ብትል በፍቅር የተገባ ቃል ነው እንጂ መንግሥት የሚጠይቀው እርስዎን ነው። ለተማሪዎች የተፈቀደው፣ እንደ ገቢ መጠን የሚከፈልበት አዲሱ ሥርዓት፣ ሪፔይመንት አሲስታንስ ፕላን የሚባለው፣ ለወላጅ ብድር አይሠራም።

የልጅዎ 27 ሺህ በአንጻሩ ሊሸከሙት የሚቻል ነው። ወለዱ በ2025–26 ተመን 6.39 በመቶ ሲሆን፣ የገንዘብ ችግር ላለበት ቤተሰብ ልጅ ከ27 ሺሁ እስከ 19 ሺህ የሚሆነው በትምህርት ላይ እስካለች ወለድ ላይታሰብበት ይችላል። በአዲሱ ሕግ መደበኛ መክፈያው 15 ዓመት ነው፤ በወር ወደ 234 ዶላር ይመጣል። በገቢ መጠን መክፈል ብትመርጥ ደግሞ 52 ሺህ የምታገኝ ተመራቂ በአዲሱ ሥርዓት የገቢዋን 5 በመቶ፣ ማለትም በወር 217 ያህል ትከፍላለች።

የትምህርት ሚኒስቴሩ የሙያ ፕሮግራሞችን ለመመዘን ሲጠቀምበት የቆየ አንድ ልክ አለ፤ የዓመቱ የብድር ክፍያ ከዓመቱ ገቢ 8 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል የሚል ነው። ልጅዎ 58 ሺህ ብታገኝ የራሷ ክፍያ 5 በመቶ አይሞላም። የእርስዎ ብድር ሲጨመርበት ግን ሁለቱ በዓመት 9,800 ገደማ ይሆኑና የደመወዟን 17 በመቶ ይወስዳሉ፤ ይህም ከልኩ ከእጥፍ በላይ ነው። «ምን ያስፈራል?» ላለችው መልሱ ይኸው ነው።

ስለ 58 ሺሁም አንድ ነገር ልበል። ደመወዙ የሚለካው የፌዴራል ብድር ወይም ስጦታ ከተቀበሉ ተመራቂዎች ውስጥ ሥራ ላይ ያሉትና በዚያን ጊዜ በትምህርት ላይ ያልሆኑት ተወስደው ነው። መካከለኛ ሲባልም ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ያገኛሉ ማለት ነው። ለኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ ይህ አቆጣጠር ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ አብዛኛው ወዲያው ሥራ ይገባልና። ከባዮሎጂ ተመራቂዎች ግን ብዙዎቹ ወደ ሕክምና፣ ወደ ፋርማሲ ወይም ወደ ማስተርስ ስለሚሄዱ በመረጃው ውስጥ የሉም። ስለዚህ ቁጥሩ የወደፊቱን ሐኪም ደመወዝ አይነግረንም፤ የሚነግረን በመጀመሪያ ዲግሪያቸው ብቻ ሥራ የገቡትን ነው። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። ልጅዎ ሕክምና ባይሳካላት የምትቆምበትን መሬት የሚያሳይ ስለሆነ ለእናት የሚያስፈልገው ቁጥር በእርግጥም እርሱ ነው።

ያ መሬት እንደየሙያው ይለያያል። የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2024 ባሰባሰበው መረጃ የባዮሎጂ ቴክኒሺያን መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 52 ሺህ ያህል ነው። በሆስፒታል ላቦራቶሪ ደምና ሌላ ናሙና የሚመረምሩት ባለሙያዎች ወደ 62 ሺህ ያገኛሉ። የነርሶች ከ93 ሺህ በላይ ነው። «ሳይንስ» የሚለው አንድ ቃል እነዚህን ሁሉ ይሸፍናል፤ በወረቀት ላይ እኅትማማቾች ቢመስሉም በደመወዝ ግን አይተዋወቁም። የባዮሎጂ ዲግሪ ራሱን የቻለ ሙያ ከመሆን ይልቅ ወደ ሌላ ሙያ የሚያስገባ በር ስለሆነ፣ በሩ ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ ውስጥ ለሚጠብቀው ክፍያ ኪስን ባዶ ያደርጋል።

ልጅዎ በምትኖርበት አካባቢ ደግሞ ለዚህ ትምህርት የሚመች ነገር ሞልቷል። የብሔራዊ የጤና ተቋማት ግቢ ቤቴስዳ ነው፤ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዋና ቢሮ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ኋይት ኦክ ነው፤ የባዮቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በ270 መንገድ ዳር ተደርድረዋል። የጤና ተቋማቱ አዲስ ተመራቂዎችን በአበል ተቀብለው በምርምር የሚያለማምዱበት ፕሮግራምም አላቸው። የአንድን ተመራቂ የመጀመሪያ ሥራ የሚወስነው የዲግሪው ማዕረግ ብቻ ሳይሆን በክረምት የት ላቦራቶሪ እንደ ሠራችም ጭምር ነው። ከቤቷ በአውቶቡስ የምትደርስበትን ዕድል ትታ ሩቅ ሄዳ እምብዛም ላቦራቶሪ በሌለበት ከተማ ብትማር ያ ራሱ ዋጋ አለው። (የግል ዩኒቨርሲቲው የት እንደሆነ ስላልጻፉልኝ ይህን እርስዎ ይመዝኑት።)

የመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ እንደሚከተለው ነው። ከ9 ሺሁ ላይ ልጅዎ በስሟ 5,500 ብትበደር የሚጎድለው 3,500 ነው። አብዛኞቹ ኮሌጆች ክፍያን ያለ ወለድ፣ በጥቂት የመመዝገቢያ ክፍያ፣ በየወሩ የሚከፍሉበት ስምምነት አላቸው፤ በ10 ወር ቢከፋፈል 350 ነው። እቁብ ለገባ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ ዕጣው አስቀድሞ ለልጅዎ መውጣቱ ብቻ ነው። በወር 350 ለአራት ዓመት መክፈልና በወር 582 ለ20 ዓመት መክፈል በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አይመስለኝም።

ከዚህም የሚቀንስ መንገድ አለ። በካውንቲያችሁ የማኅበረሰብ ኮሌጅ፣ በሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት ተምራ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ብትዛወር፣ ለካውንቲው ነዋሪ ያለው ክፍያ ዝቅተኛ ነው፤ ፔል ግራንት የሚባለው፣ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ልጅ የሚሰጠው የፌዴራል ስጦታ (በ2025–26 ከፍተኛው 7,395 ነው) ከደረሳት ሊሸፍነው ይችላል፤ ሜሪላንድም ለማኅበረሰብ ኮሌጅ ተማሪዎች እስከ 5 ሺህ የሚደርስ የፕሮሚስ ስኮላርሺፕ አላት። ይሁን እንጂ ለሳይንስ ተማሪ ይህ መንገድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንደ አጠቃላይ ኬሚስትሪና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ያሉ ኮርሶች አንዱ የሌላው ቅድመ ሁኔታ ስለሆኑ ተራው ከተዛባ ከተዛወረች በኋላ አንድ ዓመት ተጨማሪ መማር ሊያስፈልጋት ይችላል፤ ያ ዓመት ደግሞ የተቆጠበውን ይበላዋል። ሜሪላንድ ውስጥ የትኛው ኮርስ የት እንደሚቆጠር አርትሲስ በሚባለው መዝገብ ላይ ይታያል፤ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ምዝገባ በፊት እርሱን መክፈት ያስፈልጋል። ልጅዎ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲው በ9 ሺህ ከተቀበላት እኔ ቀጥታ መግባቱን እመርጥላታለሁ።

ሕክምናን በተመለከተ፣ በአንድ ዓመት ለአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከሚያመለክቱት ውስጥ በዚያው ዓመት የሚገቡት ከግማሽ በታች ናቸው። የሚገቡበትም መስፈርት ውጤት፣ ኤምካት የሚባለው ፈተናና ልምድ ሲሆን፣ ውድ ኮሌጅ መማር ከመስፈርቶቹ አንዱ አይደለም። በዚያው በ2025 ሕግ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ግራድ ፕላስ የሚባለው ብድር ይቋረጣል፤ የሕክምና ተማሪ ከመንግሥት የሚበደረው በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ብቻ ይሆናል። የብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዋጋ ከዚህ ይበልጣል። የጎደለውን ባንክ ሲጠየቅ ደግሞ ባንኩ ዋስ ይፈልጋል፤ ዋስ የሚሆኑት እርስዎና አባቷ ናችሁ፤ በዚያን ጊዜ በስማችሁ 65 ሺህ ዕዳ ካለ ግን ዋስትናችሁ ተቀባይነት ማግኘቱ ያጠራጥራል። ስለዚህ ሐኪም እንድትሆን የሚፈልግ ወላጅ ነው ዛሬ ስሙን ከዕዳ ነጻ አድርጎ ማቆየት ያለበት።

ባለቤትዎ «ለትምህርት የወጣ ገንዘብ አይቆጭም» ማለታቸው ካደጉበት አገር ልማድ የመጣ ይመስለኛል። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት ለረጅም ጊዜ በነጻ ነበር፤ ከ2003 በኋላ ወጪ መጋራት ሲመጣም የሚፈርመው ተማሪው ነው፤ የሚከፍለውም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ነው። አባት በስሙ ተበድሮ እስከ ጡረታው የሚከፍልበት ሥርዓት አልነበረም። አነጋገሩ የተወለደው እንዲህ ያለ ብድር ባልነበረበት ዘመን ነው።

የግል ዩኒቨርሲቲውን ከመተዋችሁ በፊት ለገንዘብ እርዳታ ቢሮው ደብዳቤ ጽፋችሁ ስጦታው እንዲጨመር መጠየቅ መብታችሁ ነው። የባለቤትዎ የታክሲ ገቢ፣ ፋፍሳ በሚባለው የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ላይ ከተሞላው ዓመት ወዲህ ከቀነሰ፣ የሕክምና ወጪ ካለባችሁ፣ ማስረጃ አያይዛችሁ ላኩ። ወደ አገር ቤት በየወሩ የምትልኩት ገንዘብ ግን በቅጹ ላይ የሚቀነስበት ቦታ የለውም፤ እንደ እኛ ላለ ማኅበረሰብ ቅጹ ቤታችንን አያውቀውም ማለት ነው። በደብዳቤው ውስጥ ግን መግለጹ አይከለከልም። ስጦታው በዓመት 10 ሺህ ቢጨመር ሒሳቡ ይለወጣልና ልጅዎም እኛም እንደገና እናስባለን። ካልተጨመረ ግን የወላጅ ብድሩን አይፈርሙ ነው የምላችሁ።

ጥያቄ፦ በአንድ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። እስከ አሁን 19,500 ተበድሬያለሁ፤ ውጤቴ 2.7 ነው፤ ሕክምና እንደማልገባ ተረድቻለሁ። ጓደኞቼ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አውጥተው የጭነት መኪና እየነዱ «አንተ ተመርቀህ የምታገኘውን እኛ ዛሬ እናገኛለን» ይሉኛል። ማቆም አለብኝ?
ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ አንተ ልበልህና፣ ጓደኞችህ አልዋሹህም። የከባድ መኪና አሽከርካሪ መካከለኛ ደመወዝ በ2024 መረጃ ወደ 57 ሺህ ነው፤ የባዮሎጂ ቴክኒሺያን ደግሞ 52 ሺህ። ይህን ሸፋፍኖ «ተማር» ማለት አያዋጣም። ነገር ግን የአንተ ጥያቄ ገና ሲጀመር ኮሌጅ ልግባ ወይስ አልግባ ከሚለው የተለየ ነው። 19,500ው ብትመረቅም ባትመረቅም የአንተ ነው፤ ትምህርት ባቆምክ በስድስት ወር ክፍያው ይጀምራል። አሁን የምትመዝነው የቀረውን አንድ ዓመት ዋጋ ከወረቀቱ ጋር ነው። ብድር መክፈል ከሚያቅታቸው ሰዎች መካከል ጎልተው የሚታዩት ብዙ የተበደሩት ሳይሆኑ ጥቂት ተበድረው ሳይጨርሱ የወጡት ናቸው።

ይልቅስ ማወቅ ያለብህ ቁጥር 31 ሺህ ነው፤ በወላጆቹ የሚተዳደር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት በጠቅላላ ሊበደር የሚችለው ይህን ነው። የቀረህ 11,500 ነው። አራተኛውን ዓመት በ7,500 ጨርሰህ 4 ሺህ ይተርፍሃል። ነርስ መሆን የምትፈልግ ከሆነ ግን ይህን ከመመረቅህ በፊት አስብበት፤ ምክንያቱም የመጀመሪያ ዲግሪ አንዴ ከያዝክ በኋላ ለሁለተኛ የመጀመሪያ ዲግሪ ፔል ግራንት አይሰጥህም። ፔል የምታገኝ ከሆነና የምትማርበት ቦታ የነርሲንግ ክፍል ካለው፣ ወይም በሰሜን ቨርጂኒያ ማኅበረሰብ ኮሌጅ ያለውን የነርሲንግ ትምህርት የምታስብ ከሆነ፣ የትኛው ክሬዲትህ እንደሚቆጠር በዚህ ሴሚስተር ሄደህ ጠይቅ። 2.7 ለሕክምና ቢያንስም በነርሲንግም ውድድር አለና ተቀባይነቱን ሳታረጋግጥ ባዮሎጂውን አትልቀቅ።

ነርሲንግ ልብህን ካልሳበው የሆስፒታል ላቦራቶሪ መንገድ አለ። በባዮሎጂና በኬሚስትሪ በቂ ክሬዲት ያለው ተመራቂ፣ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ፣ የአሜሪካ የክሊኒካል ፓቶሎጂ ማኅበር የሚያዘጋጀውን የሙያ ፈተና መቀመጥ ይችላል። የሚጎድሉህ ኮርሶች ማይክሮባዮሎጂና ኢሚውኖሎጂ ከሆኑ በቀረህ ዓመት ውስጥ አስገባቸው፤ ለምርጫ የተተወልህን ክሬዲት በቀላል ኮርስ አታባክነው። አንድ የስታቲስቲክስና አንድ የፕሮግራሚንግ ኮርስ ብትጨምርም ለላቦራቶሪ ሥራ ስታመለክት ይጠቅምሃል። ሲዲኤሉ የትም አይሄድም፤ በ23 ዓመትም በ33 ዓመትም ይወጣል።

ጥያቄ፦ የእኅቴ ልጅ ከጆርጂያ ውጭ ኬሚስትሪ ሊማር ነው። ከባንክ 40 ሺህ ለመበደር «አጎቴ ዋስ ሁነኝ» ብሎኛል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ እኅቴን እንቢ ማለት ከበደኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ከአትላንታ

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ በዚህ አገር የብድር ዋስ መሆን እንደ አገር ቤት ለሰውየው መልካምነት መመስከር አይደለም፤ ዕዳው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሙሉ የእርስዎም ነው። በክሬዲት ሪፖርትዎ ላይ ይታያል፤ ቤት ለመግዛት ሲያመለክቱ እንደ ራስዎ ዕዳ ሊቆጠር ይችላል፤ ልጁ አንድ ወር ቢዘገይ የእርስዎም ስም ይነካል። የባንክ ብድር እንደ መንግሥቱ ብድር በገቢ መጠን የሚከፈልበት ሥርዓት የለውም።

ስለዚህ ከመልስዎ በፊት ልጁን ሦስት ነገር ይጠይቁት። ፋፍሳ ሞልቶ በስሙ የተፈቀደለትን የመንግሥት ብድር ወስዶ ጨርሷል? 40 ሺሁ ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለአራቱም? በየዓመቱ ተመልሶ የሚመጣ ጥያቄ ከሆነ የእርስዎ ዋስትና 160 ሺህ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሆፕ ስኮላርሺፕን ለምን ተወው የሚለው ነው። ሆፕ ከ1993 ጀምሮ በጆርጂያ ሎተሪ ገቢ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሁለተኛ ደረጃን 3.0 እና ከዚያ በላይ ይዞ ለሚጨርስ የስቴቱ ነዋሪ ከ2023–24 ወዲህ በመንግሥት ኮሌጆች የትምህርቱን ክፍያ በሙሉ ይሸፍናል። ከጆርጂያ ሲወጣ ግን ይቀርበታል። ጎበዝ ከሆነ በአትላንታ ወይም እዚያው ጆርጂያ ባለችው በአቴንስ ከተማ ያንኑ ኬሚስትሪ ያለ እርስዎ ፊርማ ሊማረው ይችላል።

ይህን ሁሉ ሰምተው አሁንም ለመፈረም ከወሰኑ፣ ተማሪው ስንት ወር በሰዓቱ ሲከፍል ዋሱ ከውሉ እንደሚወጣ ባንኩ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ያድርጉ፤ አንዳንዱ ባንክ ይህን መብት ጭራሽ አይሰጥም። በ2018 በወጣ ሕግ አዲስ የግል ብድር የወሰደ ተማሪ ከሞተ ዋሱ ነጻ ይወጣል፤ ሥራ ሲያጣ ወይም ትምህርቱን ሲያቋርጥ ግን አይወጣም። እኅትዎን ደግሞ «ዋስ አልሆንም» ከማለት ይልቅ ለመጀመሪያው ዓመት መጽሐፍ ወይም ላፕቶፕ በእጅዎ ሊሰጡ የሚችሉትን መጠን ነግረዋቸው ያንኑ ቢሰጡ፣ ቤተሰቡ ሳይቀየም ፊርማዎም በእጅዎ ይቆያል።